በፍላሽ ስለሚሸጡት ጌሞች

ሰላም የጌም ልጆች፣

ሰሞኑን ጅማ ሂርማታ አካባቢ በአማርኛ የተተረጎሙ የድሮ ጌሞች በፍላሽ ሲሸጡ አየሁ። ትርጉሙ እኛው ሠርተን በነፃ የሰጠነው ነው፤ “ሴቭ”ን (የደረሱበትን ማስቀመጫውን) “አድነኝ” ያልንባት ስህተት እንኳን አልቀረችም። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደነገጥኩ።

በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የማስተርጎም መብት የሥራው ባለቤት ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚሁ አዋጅ ይጠበቃል። ጌሙ አርጅቶ ከገበያ መጥፋቱ ፈቃድ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር በነፃ ስንሰጥም ሙሉ በሙሉ ንፁህ አይደለንም፤ ሲሸጥ ግን ይብሳል።

“ማዘር 3” የተባለውን የጃፓን ጌም ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የለቀቁት ፓቹን (ጌሙ ላይ የሚጨመረውን የትርጉም ፋይል) ብቻ ነው፣ ያውም በነፃ። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ሙሉ ጌም እዚህ አትጫኑ።

ለሻጩ የሰጠ ካለ በውስጥ ያናግረኝ። አልቆጣም። ቅዳሜ ቡና ላይ እናወራለን።