ለልጄ፦ ህመሙ ሲተውሽ

የኔ ሚጣ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። እንዳትቆጪው፤ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያናገርኩት። ለትከሻሽ እንቅስቃሴ እየሳብሽ የምትሠሪበትን ላስቲክ መሳቢያ ውስጥ ከከተትሽው ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ነገረኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ የነበረሽን ቀጠሮም ሁለቴ ቀርተሻል አሉ። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ ቅዳሜ መረብ ኳስ ልትጫወቺ ነው። "ምን ነካት?" ብለው፣ "አይ አባዬ፣ አሁን እኮ አያማትም" አለኝ።

አያማትም! ይቺን ቃል ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብደውልልሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ።

ህመሙ ተወሽ ማለት ትከሻሽ ዳነ ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሜ እጽፈዋለሁ። ቢሰለችሽም አንብቢው።

መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልመን። ከሁለት ወር በፊት አልትራሳውንድ ተነስተሽ "ጅማቱ በከፊል ተቀዷል" ሲሉሽ፣ "ቶሎ ኦፕራሲዮን ትደረግ" ብዬ ቤቱን ያስጨነቅኩት እኔ ነበርኩ። እናትሽ ምስክር ናት። የተቀደደ ነገር ሳይሰፋ እንዴት ይድናል ብዬ ነው። አንቺም ሐኪምሽም ልክ ነበራችሁ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ሰውም ጠየቅኩ። አሜሪካ ውስጥ 452 ሰዎችን የተከታተለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የነዚያ ሰዎች ጅማት እንዳንቺ በከፊል ሳይሆን ሙሉ ለሙሉ የተበሳ ነበር። አደጋ ያመጣው ሳይሆን ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ሕክምናቸውን በፊዚዮቴራፒ ጀመሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ኦፕራሲዮን የሄዱት ከአራት ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም። ይህን ሳነብ በእፎይታ ዕንባ መጣብኝ። ልጄ ሳትቀደድ ልትድን ትችላለች ማለት ነው።

ግን ልብ በይ። እነዚያ ሰዎች የተሻላቸው ዝም ብለው ተቀምጠው አይደለም። ሠርተው ነው፣ ለሳምንታት።

የክንድሽ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጠባብ ነው፣ ጥልቀትም የለው። ኳሱን መሀል ላይ ይዘው የሚያቆዩት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ከነጅማታቸው ናቸው። ሐኪሞቹ ሮታተር ከፍ የሚሉት እነሱን ነው። የተቀደደው ሁልጊዜ ተመልሶ አይገጥምም። ሆኖም የቀሩት ሲጠነክሩ ሥራውን ይጋሩታል፣ ክንድም ይነሳል። ያ ላስቲክ የሚሠራው ይህንን ነው። ህመሙ በጥቂት ሳምንት ሊበርድ ይችላል። ጉልበቱ ግን ሦስት ወርም፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ጅማት ደም እንደ ልብ አያገኝምና ቀርፋፋ ነው። አንቺ ገና ሰባተኛ ሳምንትሽ ነው። ቁጠሪው።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

አራት ዓመትሽ ነበር። እሽኮኮ ትወጂ ነበር። ከሥራ ስገባ በር ላይ ቆመሽ ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ ትዘረጊያለሽ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አነሳሻለሁ። ትከሻዬ ላይ ሆነሽ የበሩን ጉበን በመዳፍሽ መታ ማድረግ ነበር ጨዋታሽ። እሱን ሳትነኪ አትወርጂም።

ያን ዓመት ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። ምን እንደነካው አላውቅም። እጄን ሳነሳ ይወጋኛል፣ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አልችልም። ሐኪሙ እንቅስቃሴ አሳየኝ፣ በወረቀት ሥሎም ሰጠኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ማስታገሻ እየዋጥኩ ዐረፍኩ። በስድስተኛው ሳምንት ግድም ህመሙ ጠፋ። ልክ እንዳንቺ። "ተሻለኝ" አልኩ። በሳምንቱ ቤት ስንቀይር ያ ባለሦስት በሩ ቁም ሳጥን አለ አይደል፣ እናትሽ "ቆይ ሰው ይምጣ" እያለችኝ በአንድ ጎኑ ብድግ አደረግኩት። ትከሻዬ ውስጥ ጧ አለ። ክንዴ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ላነሳው ብል እሺ አላለኝም።

ያኔውኑ ሐኪም ጋ መሮጥ ነበረብኝ። እንዲህ በድንገት የሚበጠስ ሌላ ነገር ነው፤ ኦፕራሲዮን ካስፈለገም ቶሎ ሲሆን ነው የሚያምረው፣ ሲቆይ ጡንቻው ይሸሻል፣ ይሟሽሻል። እኔ ግን አፈርኩ። እናትሽን "አልኩህ አይደል" እንዳላስብላት ብዬ ክንዴን በሻርፕ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ሳላንቀሳቅሰው ኖርኩ። ያሳረፍኩት መስሎኝ። በመጨረሻ ሐኪም ሲያየኝ መገጣጠሚያው ተቆልፏል። ሸሚዝ የምታለብሰኝ እናትሽ ነበረች። እስኪላቀቅ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ፤ ዛሬም ቀኝ እጄ ከጆሮዬ በላይ አይወጣም። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ሳወርድ በግራዬ መሆኑን አይተሽ ይሆናል። ግራኝ ስለሆንኩ አይደለም።

አንቺ ግን በር ላይ መቆምሽን አልተውሽም። "አባዬ፣ እሽኮኮ!" መጀመሪያ ሰሞን "ዛሬ ደክሞኛል" አልኩሽ። ከዚያ "ነገ" አልኩሽ። አንድ ማታ ህመሙ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ "አሁንስ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ ተይኝ!" ብዬ ጮህኩብሽ። እጅሽን ቀስ ብለሽ አወረድሽው። አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ በር ላይ አልቆምሽም። ክንዴ ትንሽ መላወስ ሲጀምር ስድስት ዓመትሽ እየተጠጋ ነበር። አንቺም መጠየቅ ትተሽ ነበር። ወንድምሽ ሲወለድ ደግሞ እሽኮኮ ያዞረው አጎትሽ ነው።

አሞኝ ነበር ልጄ። አንቺን ሰልችቼ አልነበረም። ይህን ልነግርሽ ሠላሳ ዓመት ዘገየሁ።

እና ያቺ ትንሿ፣ ያንቺዋ፣ አሁን እጇን ዘርግታ እንደምትጠብቅሽ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ወንድምሽ "አያማትም" ሲለኝ ደረቴ የተሰነጠቀው። አያማትም ማለት ድናለች ማለት አይደለም። አንሺያት፣ አትከልክያት፤ ግን አነሳሱን እወቂበት። መሬት ቁጭ በይና እሷ ትውጣብሽ። ስትነሺ በሁለት እጅሽ ከደረትሽ ለጥፈሽ ያዣት። እጅሽን ዘርግተሽ ከሩቅ ብድግ ማድረግ የለም። ወደ ላይ መወርወር ጭራሽ የለም።

ቅዳሜ አትጫወቺም። በዚህ አንከራከርም።

መረብ ኳስ እንደምትወጂ አውቃለሁ። ተይው አላልኩሽም። ሐኪምሽም አላለም። ግን ኳስ ከላይ መምታት ለትከሻ ትልቁ ፈተና ነው። ክንድሽ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደ ግራው ካልሄደ፣ ላስቲኩንም እንደ ግራው ካልሳበ፣ ሜዳ አትግቢ። ጉልበቱን ፊዚዮቴራፒስቷ ትለካልሽ፤ አንቺ በግምት አትለኪው። ስትመለሺም ከታች በመስጠት ጀምሪ። ከላይ መምታቱ ጥቂት በጥቂት ይምጣ፣ በየቀኑም አይሁን። ማስታገሻ ውጠሽ ደግሞ እንዳትጫወቺ። ማስታገሻው ህመሙን ነው የሚያስተኛው፤ ጅማቱ ምን እንደደረሰበት በማግስቱ ነው የምታውቂው። ህመም የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌም እንደዚያው ነው። አንዴ ተወግተሻል፣ ለጊዜው ረድቶሻል፣ ጥሩ። "ሌላ ልጨምርልሽ" የሚል ቢመጣ ግን ሐኪምሽን ሳታማክሪ እሺ አትበይ። ሲደጋገም ጅማቱን ያደክማል።

ላስቲኩን ስትስቢ ክርንሽ ከጎንሽ አይላቀቅ። ፎጣ ጠቅልለሽ በክርንሽና በጎንሽ መሀል ያዢው፤ ፎጣው ከወደቀ አሠራርሽ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ከዚያም በቀስታ መልሺ። መመለሱን ሰው ሁሉ ይቸኩልበታል። ከዚያ በፊት ጎንበስ ብለሽ ክንድሽን አንጠልጥለሽ እንደ ፔንዱለም አወዛውዢው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ኮድማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው አሉ ይህን ያስለመደው፣ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። ያኔ ወረቀቴ ላይ ተሥሎ የነበረው የመጀመሪያው ሥዕል ይሄው ነበር። አንድም ቀን አልሠራሁትም።

ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ አትደንግጪ። ከአሥር ሦስት፣ ቢበዛ አራት ያህል ቢሆንና እስከ ማግስቱ ጠዋት ቢበርድ ችግር የለውም። ካልበረደ አብዝተሻል፣ ቀንሺ። ግን አታቁሚ! ክንድሽን እንደኔ አስረሽ እንዳታስቀምጪው።

ክንድሽ በድንገት አልነሳ ካለሽ፣ ከደነዘዘሽ፣ ትከሻሽ ቅርፁ ከተቀየረ፣ ወይም ከቀላና ካተኮሰ ከትኩሳት ጋር፣ ያኔ ላስቲክም የለም፣ ደብዳቤም የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። እንዳታፍሪ። እኔ አፍሬ ምን እንዳገኘሁ አንብበሻል።

በቀኝ ጎንሽ አትተኚ። በግራ ስትተኚ ትራስ ዕቀፊ፣ ቀኝ ክንድሽ እሱ ላይ ይረፍ። ልብስ ስትለብሺ የታመመው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ስታወልቂ መጨረሻ ይውጣ። ቦርሳሽንም አቅልዪው፤ ምን ተሸክመሽበት እንደምትውዪ አንድዬ ይወቀው። የምታዘወትሪውን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ አውርጂና ወገብሽ ጋ አድርጊው። ወንድምሽ እሁድ ሲመጣ ያወርድልሻል፣ ነግሬዋለሁ። ለፊዚዮቴራፒስቷም ነገ ጠዋት ደውዪላት፤ ስለቀረሽው ይቅርታ ጠይቂ፣ ቀጠሮ ያዢ።

ተቆጣሁሽ አይደል? ሆዴ፣ ካንቺ ጋር እኮ አይደለም ጠቤ። ያን ቁም ሳጥን ካነሳው ሰውዬ ጋር ነው። ህመሙ ሲተወው የዳነ መሰለው። አንቺ እንዳይመስልሽ።

ዛሬ ማታ ላስቲኩን ከመሳቢያው አውጪው። እሁድ ስትደውዪ ስንቴ እንደሳብሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔም ያቺን ወረቀት አልጣልኳትም፣ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሬ አብሬሽ እሠራለሁ።

ትንሿን ሳሚልኝ። ቁጭ ብለሽ።

አባትሽ