ማኅሌተ ጽጌ የያሬድ ድርሰት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዘመነ ጽጌ፣ የእመቤታችን ስደት ስለሚታሰብበት የአበባ ወቅት፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ በወቅቱ ሌሊት የሚዜመውን የግጥም ድርሰት ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ነው ብላችኋል። ይህ ስሕተት በእናንተ አልተጀመረም፤ ጽጌ በገባ ቁጥር ይደጋገማል። ድርሰቱ የአባ ጽጌ ብርሃን ነው። የደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያም የማኅሌት ባልንጀራቸው እንደነበሩም አባቶች ያወሳሉ። ያሬድ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ሲሆን አባ ጽጌ ብርሃን የተነሡት ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

የሚያሳስተው የሌሊቱ ሥርዓት ነው። «ጽጌ አስተርአየ ሠሪፆ እምዐጽሙ» ብሎ የሚነሣው፣ አምስት ስንኝ ሆኖ በአንድ ፊደል ቤት የሚመታው የአባ ጽጌ ብርሃን ነው። ተከትሎት የሚባለው ዚቅ ግን ከያሬድ የዜማ መጽሐፍ ከድጓ የሚወጣ፣ ከስንኙ ምሥጢር ጋር እንዲገጥም የተመረጠ ነው። ሁለቱ በአንድ ቅኔ ማኅሌት፣ በአንድ መሪ አፍ ስለሚባሉ የቆመው ምእመን ሁሉንም ለያሬድ ይሰጣል። ሰቆቃወ ድንግል ደግሞ ስለ እመቤታችን ስደት የሚያለቅስ ሌላ ድርሰት ነው፤ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር አንድ አድርጋችሁ መጻፋችሁም ልክ አይደለም።

ወረብ ከማኅሌተ ጽጌ ይወጣል ያላችሁት በከፊል እውነት ነው። ወረብ ከአምስቱ ስንኝ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ ይደጋግማል እንጂ ሙሉውን አይዝም። ዛሬ ብዙ ወጣት ከስልክ ቀረጻ የሚያጠናው ወረቡን ብቻ ስለሆነ የቀረው ስንኝ ከአፍ እየጠፋ ነው። ሌላው ጥፋት ከበሮውን ማስቀደም ነው። መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡት መረግድ በሚባለው ደረጃ ነው፤ ጽፋት የሚባለው ፈጣኑ ምት መጨረሻ ላይ ይመጣል። በቁሙ ያልተጠና በከበሮ ቢመታ ዜማው ይሰበራል፣ ቃሉም ይዋጣል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ተጉለትን የሚያህል በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት ያለው አገር ይዘን የጽፋት ብቻ ሰዎች መሆናችን ያሳፍራል።

«ጽጌ አምስት እሑድ ነው» ማለታችሁም በየዓመቱ አይሠራም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ነው። መስከረም 26 ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከዋለ እሑዱ አምስት ይሆናል፤ በሌላ ቀን ከዋለ ስድስት ነው። የሳምንቱን ሥርዓት በጋዜጣ የምታወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ይህን ቁጠሩ፤ አለዚያ የስድስተኛው እሑድ ሌሊት ያለ ተራ ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ