«ቁጭ አለ» ሲባል ምን አለ?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ለገጣፎ ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ በመቆየቴ ይቅር በለኝ። ሰበታ አበባ እርሻ፣ ሽያጭ ክፍል መግባትህን እማማ ነገሩኝ። የእንግሊዝ ገዢዎች ኢሜይል ቃሉ እየገባህ ሐሳቡ ያመልጥሃል አሉ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቃል በቃል መተርጎሙን ተው። «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ ኢትስ ዩር ዲሲዥን» ቢሉህ እስከ ማታ ወስን ማለታቸው አይደለም፤ ዞሮ ዞሮ ውሳኔው ያንተ ነው ማለታቸው ነው። እኛስ «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ምን አለ? ምንም። «አለ» እዚያ ላይ መናገር መሆኑ ቀርቶ ከ«ቁጭ» ጋር አንድ ግስ ሆኗል። «ፑት»ም እንዲሁ ነው። ብቻውን ማስቀመጥ ነው፤ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መኖር። ጭነቱን ለሌላ ቀን ስታስተላልፍ «ፑት ኢት ኦፍ» በል እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አትበል። «ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ግን መሃሉ አይከፈትም።

«ሃፍ ሰቨን» በእንግሊዞች 7:30 ነው፣ 6:30 አይደለም። በእኛ አቆጣጠር አንድ ተኩል መሆኑ ነው፤ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ግን ሳትጠይቅ መኪና አታስነሣ። «ቴብል» የሚለውንም ልብ በል፦ እንግሊዝ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ለውይይት ማቅረብ ነው፣ አሜሪካ ለጊዜው ማቆየት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ትርጉሙን አውቀህ ቦታውን መሳትህ ነው። «ኪክ ዘ ባኬት» ሞተ ማለት ነው፤ ልክ ነው። አባቱ ለሞተበት ደንበኛ ከጻፍከው ግን ለቅሶ ቤት ገብተህ «አባትህ ድፍት አሉ አሉ» እንደማለት ነው። ለዚያ «ፓስት አዌይ» አለልህ፣ የእኛ «አረፉ»።

ደብተር ያዝ። ፈሊጡን ለብቻው አትጻፍ፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ማን ለማን እንዳለው፣ አጠገቡም አንተ በዚያ ቦታ ብትሆን በአማርኛ የምትለውን ጻፍ። በቀን ሦስት ይበቃል። ከሁለት ሰው አፍ እስክትሰማው ድረስ ግን አንተ አትጠቀምበት፤ መረዳቱ ይቅደም።

የቸገረህን ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ገልብጠህ ላክልኝ፤ ተቆርጦ ከመጣ እኔም አልፈታውም። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ናፋቂህ፣ ከለገጣፎ