አገጩ ተሰፍቶ ብቻ አይለቀቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንዴት ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ዳገቷን ያውቃል። ዝናብ ሲያባራ የሰፈራችን ልጆች የተቀደደ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። የ6 ዓመቷ የእህቴ ልጅም እንደዚያው ስትንሸራተት በአገጯ ከድንጋይ ጋር ተላተመች። ደሙን በነጠላ ይዘን ሐኪም ቤት ሮጥን። ቁስሉ ተሰፋ። «አብሽሩ፣ ምንም አልሆነች» ተብለን ወደ ቤት።

ቁስሉ በሳምንቱ ጠገገ። ልጅቷ ግን ዳቦውን በትንሽ በትንሹ እየቆረሰች በጎን መክተት ጀመረች። ስታዛጋ አገጯ ወደ ግራ ይሸሻል። አሟት ነው አልን። እናቴም «አፏን አታስከፍቷት፣ ይረፍላት» አለች። የተሰበረ አጥንት ማረፍ አለበት እየተባልን ነው ያደግነው፤ ማን ይቃወማት?

በአምስተኛው ሳምንት የመንጋጋ ሐኪም ዘንድ ደረስን። «ሚጣዬ፣ ሦስት ጣትሽን ደርድረሽ አፍሽ ውስጥ አስገቢልኝ» አላት። አንዷም በግድ ገባች። ሲቲ ስካን ሲነሳ በግራ ጆሮዋ ፊት ያለው መጋጠሚያ ተሰብሯል።

ነገሩን ሲያስረዳን እንዲህ ነው። አገጭ ሲመታ ግፊቱ አጥንቱን ተከትሎ ጆሮ ሥር እስካለው መጋጠሚያ ይሄዳል። የትንሽ ልጅ መጋጠሚያ ለስላሳና ደም የበዛበት ስለሆነ ይፈረከሳል፤ እዚያው ውስጥ ይደማል። አፍ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ያ ደም ቀስ እያለ አጥንት ይሆንና መንጋጋውን ከራስ ቅል ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። የታችኛው መንጋጋ የሚያድገውም በዚያው በኩል ነው። ከተጎዳ ፊት ይጣመማል፣ አገጭም ወደ ኋላ ይቀራል።

ደግነቱ የልጅ አጥንት ራሱን መልሶ ይቀርጻል። አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። ጥቂት ቀን ማስታገሻ፣ አጥሚትና ፍትፍት፣ ከዚያ ቶሎ አፍን ማንቀሳቀስ ነው። መንጋጋው እንዳይንቀሳቀስ የላይና የታች ጥርስን አያይዞ ማሰር ቢያስፈልግ እንኳ ለአጭር ጊዜ ነው።

እኛ ዘግይተን ስለሄድን በእንጨት ጀመርን። ሐኪም ምላስ የሚጫንባቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች ተደራርበው በጥርሶቿ መካከል ይገባሉ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። በ7 ተጀመረ። ሲላላላት አንድ ይጨመራል። ታለቅሳለች። የመጀመሪያው ሳምንት እኔም አብሬ ሳላለቅስ አልቀረሁም።

ወረፋ ላይ ያገኘናት እናት ግን ልጇ የወደቀው በ3 ዓመቱ ነው። አሁን 9 ዓመቱ ነው፤ ሙቁን በጥርሱ ክፍተት ይመጠዋል። የተጣበቀው አጥንት ተቆርጦ ሊወጣለት ነው። ማደንዘዣው ራሱ ፈተና ነው፤ አፉ ካልተከፈተ የመተንፈሻ ቱቦው በየት ይገባል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይኸው የእንጨቱ ልምምድ ለወራት አለበት። «ወጌሻ አሽቶልኝ ነበር» አለችኝ። ወጌሻ ልንቅ አይደለም፤ የእኔን ትከሻ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። የልጅ መንጋጋ ግን አይታሽም።

እባካችሁ በጤና ገጻችሁ አንሡልን። አገጩ የተሰነጠቀ ልጅ ሲመጣ ቁስሉን የሚሰፋው ባለሙያ መርፌውን ከማስቀመጡ በፊት ጆሮው ፊት በጣቱ ይንካው፣ አፉን ያስከፍተው፣ አገጩ ወደ ጎን ይሄድ እንደሆነ ይየው። ከጆሮው ደም ከወጣማ ጭራሽ ወደ ቤት አይላክ። ደቂቃ አይፈጅም። ወላጅም ቤት ውስጥ ሦስቱን ጣት ያስለካ፤ በልጁ ጣት እንጂ በራሱ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ 19ኛው እንጨት ገባ። ክትትሉ አድጋ እስክትጨርስ ይቀጥላል ተብለናል። ያን ዕለት ማታ ከእናቴ ጉያ ቆሎ ሰርቃ ስትቆረጥም ያዝናት። ቆሎ ገና አልተፈቀደላትም። ማንም አልተቆጣትም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ