ዳዊት ይደገማል፣ ቅኔ ግን አይደገምም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከፋሲካ ጀምሮ ልቤ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስላለ ነው። በዓሉን አብሬዎ ለማሳለፍ በመጣሁ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ “መቼ ገባሽ?” ብለው ጠየቁኝ፤ ትናንት አልሁዎ። አቦሉ ተቀድቶ ሳያልቅ ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኩዎ። በሦስተኛው ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ “ነገርኩዎ እኮ!” አልሁ። እርስዎ ምንም አልመለሱልኝም፤ ጋቢዎን ሰብስበው ወደ ደጅ ወጡ። ያን ዕለት ማታ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ከመዝሙር ወደ መዝሙር ሳያወላውሉ ዳዊት ሲደግሙ መደቡ ላይ ተኝቼ ሰማሁ። የትናንቱን መምጣቴን ያልያዘ ልብ ከስልሳ ዓመት በፊት የተማረውን እንዴት እንዲህ አጥብቆ ያዘ? እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የባዮሎጂ መምህርት ብሆንም ስለ አንጎል ለተማሪዎቼ የማስተምረው ከመጽሐፉ የማይዘል ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ።

ሰው ትዝታን እንደ ጎተራ እህል በአንድ ስፍራ ተቀምጦ የሚጠብቅ አድርጎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ አንድ ነገር ስናይ ወይም ስንሰማ ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት አብረው ይነሣሉ፤ አብረው በተነሡ ቁጥርም በመካከላቸው ያለው መገናኛ እየጠነከረ ይሄዳል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤሪክ ካንዴል በአንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አጭር ትምህርት ያለውን መገናኛ ለጊዜው ብቻ እንደሚያጠነክር፣ በየቀኑ የተደጋገመ ትምህርት ግን አዲስ መገናኛ እስከ ማብቀል እንደሚደርስ አሳይተዋል። ከእርሳቸው አስቀድሞ በ1885 ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን የቃል ቁርጥራጮች ራሱ በቃሉ እየያዘ፣ ምን ያህሉን እንደረሳ እየመዘገበ፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ዘገምተኛ እንደሆነ ጽፏል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በዋሸራ ቅኔ ቤት ሳሉ ደበሎ ለብሰው የተማሩትን ሲያወሩልን የነበረው ትዝ አለኝ፤ ማታ የተቀበላችሁትን ቀለም ከእንቅልፍ በኋላ ገና ዶሮ ሳይጮኽ ታስኬዱት እንደነበር ነግረውናል። አንጎል ቀን የያዘውን እያጠናከረ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ እንደሆነ ዛሬ ተረጋግጧል፤ የኔታም ለእናንተ የመረጡት ሥርዓት ከዚሁ የተስማማ ነበር።

ሆኖም አዲስ ነገር እንዲቀመጥ የሚያደርግ አንድ በር አለ። ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ይገኛል፤ ቅርጹ የባሕር ፈረስ የምትባለውን ዓሣ ስለሚመስል በግሪክኛ በእርሷ ስም ተጠራ። የዚህን ክፍል ሥራ ዓለም የተረዳው በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በሚጥል በሽታ እጅግ ይሠቃይ ስለነበር፣ በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐኪሞች ይህን ክፍል ከሁለቱም ወገን አብዛኛውን ቆርጠው አወጡለት። በሽታው ቀለለለት፤ ከዚያን ቀን በኋላ የሚሆነውን ግን በልቡ ማኖር ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑት፣ በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላቸው ነበር። የልጅነቱን ግን ያስታውሳል፤ ንግግሩም አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ይህ ነው፦ በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል አስለመዱት፤ ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተካነ ሄደ፤ እርሱ ግን ያን ሥራ ከዚያ በፊት ከቶ ሠርቶት እንደማያውቅ ይናገር ነበር። እጅ የሚማርበት መንገድ ልብ ከሚያስታውስበት መንገድ የተለየ ነውና። ሞሌሰን በ2008 እስኪሞት ድረስ 55 ዓመት እንዲህ ኖረ።

አባቴ ሆይ፣ የእሑዱን ነገር የተረዳሁት በዚህ ሰው ታሪክ ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ የተደገመው ዳዊት ከዚያ በር አልፎ በሰፊው የአንጎል ሽፋን ተዘርቶ ሥር ሰድዷል፤ የእኔ መምጣት ግን ገና በሩ ላይ ነበረ። ሦስት ጊዜ የጠየቁኝ መልሴን ስለናቁ ወይም ልብዎ ከእኔ ስለራቀ አልነበረም፤ ለእርስዎ ሦስቱም ጥያቄ የመጀመሪያ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛውን እንደ ሦስተኛ ቆጥሬ ተቆጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሌላም ይቅርታ አለብኝ። ልጅ ሳለሁ ጨሞጋ ሞልቶ በትከሻዎ አሻግረውኛል እያልሁ ለሰው ሁሉ ስናገር፣ እርስዎ “ያሻገረሽ አጎትሽ ነው፤ እኔ በዚያ ክረምት አልነበርሁም” ይሉኝ ነበር፤ እኔም በልቤ አባቴ ረሳ እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ በትዝታዬ ውስጥ እጄ የያዘው ጥቁር በርኖስዎን ነው፤ ያ በርኖስ ግን የተገዛው ለእኅቴ ሠርግ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2000 ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የተቀመጠ ትዝታ ሲነሣ ለጊዜው እንደሚላላና እንደገና መቀመጥ እንደሚያስፈልገው ታይቷል። እኔም ታሪኩን በተናገርሁት ቁጥር አንድ ነገር እየጨመርሁ መልሼ አስቀምጨዋለሁ ማለት ነው። በሠርጌ ቀን የተቀኙትን መወድስ እንዲደግሙልኝ ስለምንዎ “ዳዊት ይደገማል፣ ቅኔ ግን አይደገምም” ብለው ነበር። የሰው ትዝታ ለካ ወደ ቅኔው ያደላል፤ በተጠራ ቁጥር ባለው ቃል እንደ አዲስ ይሠራል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ የተካሳሾቹ ስም እየጠፋብዎ ሽምግልና መቀመጥ ትተዋል፤ ከገበያ ሲመለሱም አንድ ጊዜ መንገዱ ተምታቶብዎታል፤ ይህንንም ከእኛ ሰውረዋል። ጎረቤት “ጃጁ” እንዳይል ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል። ይህን ቃል እኔ አልወደውም፤ በሽታን እንደ ዕድሜ ዕዳ ስለሚያስቆጥር ነው። አልዛይመር የተባለው በሽታ፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ስለ አንዲት ሕመምተኛው ለባልንጀሮቹ ያስረዳው፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የሚጀምረው ከዚያው ከሂፖካምፐስና ከአካባቢው ነው፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም እስካሁን የለውም። ነገር ግን እርስዎን የያዘዎ እርሱ ነው አልልም፤ ሳይመረመሩ ማንም ሊል አይችልም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲደክም ማስታወስ ይደክማል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም እንዲሁ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አጽዋማቱን ሁሉ ሳያጓድሉ የሚጾሙ ነዎት፤ በእርጅና ጊዜም ሆድ ይህን ቫይታሚን እንደ ቀድሞው አይቀበለውም። የእናታችን ሐዘን፣ የጆሮዎ መድከም፣ የእንቅልፍ ክኒኑም ጭምር የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ ያላቸው ናቸው። ጸበሉንም አይተዉ፤ እኔም አብሬዎ እሄዳለሁ፤ ምርመራው ግን አይቅር።

የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፤ ሰኞ አብረን ማርቆስ እንወርዳለን። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገው ያቆዩልኝ። መቼ እንደገባሁ ሦስቴም አሥሬም ይጠይቁኝ፤ ቅዳሜ ገባሁ ብዬ እመልስልዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር