ለእናቴ ሳትነግሯት የቀራችሁት

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የሕክምና ማሪዋና ካርድ ሲሰጥ ስላልተነገረን አደጋ ቅሬታ ስለማቅረብ

ይህን የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ስትወስድ የቀመሰችው ሁሉ አልረጋላት ብሎ ነበር። የወጥ ሽታ ሲመጣ ከቤት ትወጣ ነበር። ለካርዱ እናንተ ዘንድ ስንመጣ ሠራተኛችሁ «ሜሪላንድ ፈቅዷል፤ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም» አለች። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ረድቷታል፤ መብላት ጀመረች፣ እንቅልፍም አገኘች። በዚያ ቅሬታ የለኝም።

እናቴ ግን ያላት ግሪን ካርድ ነው። ለዜግነት ልናመለክት ስንል ጠበቃው የማሪዋና ካርዱን አይተው ደነገጡ። የ1970ው የፌደራል ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር ነው የመደበው። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካሊፎርኒያ ታማሚዎችን ክስ አይቶ፣ ስቴት ቢፈቅድም የፌደራሉ ሕግ ይሠራል ብሏል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴት የፈቀደው ማሪዋና ጭምር ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ጽፏል። መታሰር ወይም መከሰስ አያስፈልግም። ቃለ መጠይቅ ላይ «አዎ፣ ወስጃለሁ» ማለት ሊበቃ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከ30 ግራም ያልበለጠ ለተገኘበት ሰው መውጫ አለው። እናቴ ግን በየወሩ ነበር የምትገዛው።

አሁን አምስት ዓመት እስኪያልፍ ጠብቂ ተብላለች። ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ያው ጥያቄ ሊነሳባት ስለሚችል፣ ከአገር እንዳትወጣም ተመክራለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሟ በጠና ታሟል። በስልክ ድምፁን በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች።

የሁለቱ ሕጎች መጋጨት የእናንተ ጥፋት አይደለም። ግን እናንተ በየቀኑ የምትሠሩበት ጉዳይ ነው። እናቴ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ሐኪሟን ሌላ መድኃኒት ትጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ታካሚ ከመፈረሙ በፊት አደጋውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ስጡ። በአማርኛም ይሁን፤ አካባቢያችሁ በሐበሻ የተሞላ ነው። እባካችሁ ማን ግሪን ካርድ እንዳለው፣ ማን ወረቀት እንደሌለው አትጠይቁ። ያ ሰውን ያስፈራል፣ መዝገብም ላይ ይቀራል። ለሁሉም እኩል ስጡ።

ለካርዱ ያስከፈላችሁንም ገንዘብ መልሱልን። የእናቴ ፋይል ለማን ለማን እንደተላለፈም በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
ልጇ