ስለ ኮሪያ ስትጽፉ ማጀቱንም እዩት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። ስለ ኮሪያ በጻፋችሁ ቁጥር የማገኘው ፋብሪካውን፣ ስልኩንና መኪናውን ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ በኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የእኛን ቃኘው ሻለቃን። ጥሩ ነው፤ ግን ሰዎቹ እቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ የጻፈ አላየሁም። ባለፈው ጥቅምት አጋማሽ ታናሽ እህቴን አራስ ልጠይቅ ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ ሄጄ ስድስት ሳምንት ያህል ከርሜ መጣሁ። ባሏ የዚያው አገር ሰው ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ የገንፎ ዱቄት ተሸክሜ ስደርስ እህቴ ቤቷ የለችም። ከሆስፒታል እንደወጣች የገባችው አራሶች ብቻ የሚታረሱበት ቤት ነው፤ "ሳንሁ ጆሪዎን" ይሉታል። ብዙዎቹ እዚያ ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ሌሊት ሕፃኑን ነርሶች ይይዛሉ፣ እናትየው ትተኛለች። እህቴ እንደነገረችኝ የከፈሉት ከ3 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) በላይ ነው። እሷ በገባችበት ቤት ከባል በቀር ጠያቂ አይገባም። የእህቴን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በመስታወት ነው። ነርሷ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ በቃ።

ማታ አማቷ ነገሩን አስረዱኝ፤ ልጃቸው ያስተረጉማል። ድሮ ልጅ ሲወለድ በር ላይ ከገለባ የተገመደ ገመድ ይሰቀል ነበር። ወንድ ከሆነ ቀይ ቃሪያ ይሰኩበታል፣ ሴት ከሆነች የጥድ ቅጠል። ገመዱን ያየ ሰው አይገባም። ሦስት ጊዜ ሰባት፣ 21 ቀን። ይህን ስሰማ ንዴቴ በረደ። እኛስ ቤት አራስና ሕፃን ላይ ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?

እህቴ ቤቷ ስትገባ አማቷም አብረው ገቡ። ከማለዳው 12 ሰዓት ድስት ይጣዳል። ሚዮክጉክ የሚባል የባህር ቅጠል ሾርባ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ጥቁር ነው፣ በእጅ ሲነካ ይሰባበራል፣ አንድ ጭብጥ ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን አብጦ ሳህኑን ይሞላል። ከበሬ ሥጋ ጋር በሰሊጥ ዘይት ያቁላሉታል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከዚያ ውሃ ተጨምሮ እስኪነጣ ድረስ ሲንተከተክ ይቆያል። አራስ በቀን ሦስቴ ትጠጣዋለች። ሰውም በየዓመቱ በልደቱ ቀን የሚበላው ይኸንኑ ነው፤ እናቱ እሱን ወልዳ የጠጣችውን ማለት ነው። እኔ ስንት ልደት ሳከብር እናቴ በዚያ ቀን ምን እንደሆነች አንድም ጊዜ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እኔም ገንፎዬን አገነፋሁ። አማቷ ከጎኔ ቆመው የማማሰያዬን እንቅስቃሴ በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩ። ቀመሱና "ሙቅ ነው" አሉ፤ ለአራስ ከዚያ በላይ ሙገሳ የለም። ቀዝቃዛ ነገር በፍጹም አያስጠጓትም። ወለሉ ራሱ ሙቅ ነው። ኦንዶል ይሉታል፤ ድሮ የማድቤቱ እሳት ጭስ ከወለሉ ሥር እያለፈ ያሞቀው ነበር፣ ዛሬ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይሄዳል። ጫማ በር ላይ ለምን እንደሚወልቅ የገባኝ ከእህቴ ልጅ ጋር ወለሉ ላይ ጋደም ስል ነው።

ስለ ልጁ ዕድሜ ቤቱ አልተስማማም። አማቷ አንድ ዓመቱ ነው ይላሉ። በቀድሞው ቆጠራ ሕፃን ሲወለድ አንድ ይላል፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁለት። ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ እንደ ሌላው ዓለም ይቆጠር ብሏል። አማቷ ግን "ሆድ ውስጥ የኖረውስ?" ብለው አልተቀበሉም። ዕድሜ እዚያ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ሲተዋወቅ ቶሎ የሚጠያየቀው እሱን ነው፣ ምክንያቱም አንተ ወይስ አንቱ የሚለው የሚወሰነው በዚያ ነው። ይኼ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። የዘመድ ስማቸው ግን ከእኛ ይጠባል። እኛ አክስት ብለን የምናልፈውን እነሱ ይለዩታል፦ የአባት እህት "ኮሞ"፣ የእናት እህት "ኢሞ"። እኔ ኢሞ ነኝ። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተን ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ "ኢሞ!" ብሎ ሲጣራ ደንግጬ ዞርኩ። የሚጠራው አስተናጋጇን ነው። በዕድሜ ጠና ያለችን አስተናጋጅ እንዲህ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው።

ኅዳር ላይ ኪምጃንግ ደረሰ፣ ለብርዱ ወራት የሚሆነው ኪምቺ፣ በቃሪያ ቅመም የሚቦካው ጎመን፣ የሚዘጋጅበት ማለት ነው። ዩኔስኮም በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። በጨው ያደረው ጥቅል ጎመን ተቆልሎ ሴቶቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ቀይ ቅመሙን በየቅጠሉ መሃል ይቀባሉ፣ የእህቴ ባልም ከመሃላቸው አለ። አማቷ በጓንት እጃቸው አንድ ቅጠል ጠቅልለው አፌ ድረስ አመጡት። ጉርሻ! የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ወደኋላ አልኩ፤ ቅመሙ ውስጥ ጨው የበላ ትንንሽ የባህር እንስሳ አለበት። እህቴ ቀድማ ነግራቸው ኖሮ ለእኔ ለብቻ ለይተው ያለሱ የሠሩት ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ቃሪያው ብቻ አይደለም።

አሁን ያላማረኝንም ልናገር። 65 ዓመት የሞላው ሰው የሜትሮ ባቡር በነፃ ይሳፈራል፤ ከሴኡል ቹንቾን ድረስ የሚመጡ ሽማግሌዎች ዶሮ ጥብስ በልተው ሲመለሱ ማየት ደስ ይላል። ግን ጎህ ሳይቀድ ጎብጠው ጋሪ እየገፉ ካርቶን የሚለቅሙትም ሽማግሌዎች ናቸው። ሁሉ እጅ የሚነሳቸው፣ አንቱ የሚላቸው ሰዎች። ይህን ዘልዬ ብጽፍላችሁ መዋሸት ነው። ሕፃንም ብርቅ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች የተባለው በአማካይ 0.72 ልጅ ነው፣ አንድ እንኳ አይሞላም። ሊፍት ውስጥ የማናውቃቸው እናቶች የእህቴን ልጅ ለማየት ይሰበሰባሉ። መንገድ ላይ የልጅ ጋሪ አይቼ ጎንበስ ስል ግን ውስጡ ያለው ቡችላ ነው።

ከመመለሴ በፊት አማቷ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ወዳለው የቃኘው መታሰቢያ ወሰዱኝ። ጃንሆይ በ1968 እ.ኤ.አ. ቹንቾን ሲመጡ አማቷ ተማሪ ነበሩ። ሐውልቱ ፊት ጎንበስ ብለው ቆዩ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዘማቾቹን ጻፉ፣ ፋብሪካውንም ጻፉ። ነገር ግን ዛሬ እዚያ አገር ወልደው የሚያሳድጉ እህቶች አሉን። እህቴን ያረሷት አማቷ ናቸው። አማት የሌላት፣ ለጆሪዎንም 3 ሚሊዮን ዎን የማታገኘዋን ማን ያርሳታል? ፈልጋችሁ አነጋግሯትና ጻፉልን።

የአራሷ እህት
ከአዲስ አበባ